ለይመኙሻል ዝቅ ያለች መኪና

ውድ ይመኙሻል፣

የጌታ ሰላም እዚያው ሃዋሳ ባለሽበት ይድረስሽ። ዳሌሽ እንዴት ነው? ሙቀቱስ? እኛ ደህና ነን። የበቆሎ መፈልፈያው ደህና ነው፤ መኪናችንም ደህና ናት፤ ብቻ እንደተውሻት አይደለችም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ስለ እሷ ልነግርሽ ነው። በስልክ እንደማልችል ታውቂያለሽ። አንቺ ሰላምታሽን እስክትጨርሺ እኔ ልናገረው ያሰብኩት ይጠፋኛል። ወረቀት ላይ ግን ማንም አይቀድመኝም።

ባለፈው ስትደውዪልኝ፣ "አሳየሽ፣ የጋቢናውን ቦታዬን ለሌላ ሰው ስጪ። እኔ ከእንግዲህ መኪና ላይ መውጣት አልችልም። እዚሁ ከልጄ ጋር ሱቅ እጠብቃለሁ" አልሽኝ። እኔም "እሺ" አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ግቢ ውስጥ መኪናዋን ስዞራት ዋልኩ። እሺ ያልኩት ሌላ ቃል አፌ ላይ ስላልመጣ ነው እንጂ ተስማምቼ አይደለም።

እስቲ አስቢው። ያንን መፈልፈያ ተሳቢ ላይ በብሎን አስገጥመን፣ ከፒካፓችን ኋላ አስረን፣ ሻንቶ ሲሉን ሻንቶ፣ በዴሳ ሲሉን በዴሳ፣ ቢጠና ሲሉን ቢጠና ስንል ስንት የበቆሎ ወቅት አለፈ? እኔ እነዳለሁ፣ ማሽኑን አስነሳለሁ፤ አንቺ ታወሪያለሽ። ገበሬው በአንቺ ወሬ እየሳቀ ያለውን በቆሎ ሁሉ ያወጣል። እኔ ብቻዬን ስሄድ ግን ሰላም ካልኩ በኋላ የምጨምረው ስለሌለኝ ለግብር የመጣሁ ይመስላቸዋል።

የበዴሳውን ቀን አልረሳሁትም። በክረምቱ ግቢሽ ውስጥ አዳልጦሽ የተሰበረው ዳሌሽ ድኖ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሥራ የወጣንበት ቀን ነበር። ጋቢናው ከፍ ስለሚልብሽ በርጩማ ይዘን ሄድን። ስትረግጪው አንዱ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሰመጠና ገበያተኛው ፊት ዘጭ ብለሽ ተቀመጥሽ። ሊያነሱሽ ለሮጡት ሰዎች፣ "ምን ያስደነግጣችኋል? ቦታ እየመረጥኩ ነው፣ ቤት ልሠራ" አልሻቸው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከበዴሳ እስከ ሶዶ ግን አንድ ቃል አልተነፈስሽም። አንቺ! የዚያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በሳምንቱ ልጅሽ ሶልያና መጥታ ሃዋሳ ወሰደችሽ።

ከስልክሽ በኋላ ለሶልያና ደወልኩላት። አትቆጪያት፣ ያስገደድኳት እኔ ነኝ።

"አክስቴ፣ እማዬ መቀመጥ አላቃታትም፤ መውጣት ነው ያቃታት" አለችኝ። "ሐኪሙ በደረጃም ቢሆን በአንድ እግሯ ቆማ እንዳትንጠለጠል ብሏል። ጀርባዋን ሰጥታ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ትበል፣ ከዚያ ሁለቱን እግሮቿን አንድ ላይ ታስገባ ነው የሚለው። የእናንተ ወንበር ደግሞ ከመቀመጫዋ በላይ ነው።"

"እንግዲያው ልኳን ላኪልኝ" አልኳት።

ቀሚስ ላሰፋልሽ ነው ብላ ከመሬት እስከ መቀመጫሽ በክር የለካችሽ ለዚህ ነው። ክሩን ቋጥራ በሚኒባስ ላከችልኝ። ቀሚሱን አትጠብቂ። የእኔን ሳሰፋ የአንቺንም አሰፋልሻለሁ።

ክሩን በመኪናዋ በር በኩል ብይዘው ወንበሩ ከቋጠሮው አንድ ጋት ከትንሽ ከፍ ይላል። ገረመኝ። ከአንቺ ጋር የለያየን ይህቺው ናት? ብዬ እጄን ደጋግሜ አየሁት።

በማግስቱ ወደ መካኒካችን ወደ አንጁሎ ነዳሁ።

"አንጁሎ፣ ይህችን መኪና ዝቅ አድርግልኝ።"

"ከምን ላይ? ክሪክ ላይ አይደለችም እኮ።"

"ለሁልጊዜው ዝቅ ትበል።"

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትክ ብሎ አየኝ። "እቴ፣ ደህና ነሽ? እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ባሌስትራ ጨምርልኝ፣ ከፍ አድርግልኝ ነው የሚለው። ዝቅ አድርግልኝ የሚሉኝ ጎረምሶች ናቸው። ለሰርግ ልታከራዪያት ነው?"

ከወዲያ ጥግ የተቀመጡት ጎረምሶችም ሰሙ። "እናቶቻችን ሞዲፋይ ጀመሩ! እማማ፣ ጥቁር መስታወትና ትልቅ ስፒከር እንዳይቀር!"

ምክንያቱን ስነግረው አንጁሎ ሳቁን ተወ። "ለይመኙሻል ከሆነማ እኔም አለሁበት" አለ። "ግን እውነቱን ልንገርሽ። መኪና ወይ ዝቅ ይላል፣ ወይ ይጎትታል። ሁለቱን አንድ ላይ አትጠይቂኝ።"

"ሁለቱንም ነው የምጠይቅህ" አልኩት።

ብትኖሪ አታምኚም ነበር። ድምፄ ጋራዡን ሞላው።

አንጁሎ መኪና ዝቅ አድርጎ አያውቅም፤ የሚያውቀው ከፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ የሚያውቀውን ገልብጦ ሠራ። ከኋላ ባሌስትራው ላይ ከተደራረቡት ብረቶች ሁለቱን አወጣ፣ የፊቱንም አላልቶ አወረደው። ክሩን ብንይዘው ወንበሩ ልክ ቋጠሮው ላይ ነው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ባዶዋን እንደሆነች የለካናት፣ ተሳቢውንም እንዳላሰርንባት ሁለታችንም ልብ አላልንም።

ለሻንቶ ገበያ ተሳቢውን አሰርኩና ወጣሁ። ገና ከሶዶ ሳልርቅ መሪው እጄ ላይ ቀለለኝ፤ አስፋልቱን የምትነካው በጣቷ ጫፍ ይመስል። በመስታወት ባይ የተሳቢው ክብደት የመኪናዋን ቂጥ ወደ መሬት ደፍቆት ግንባሯ ወደ ሰማይ ተንጋጥጧል። ተሳቢው የታሰረበት ጋንቾ በየጉብታው መንገዱን ይፍቃል። ቀስ እያልኩ ሻንቶ ስገባ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች አዩኝ።

"እናንተ፣ ተመልከቱ! ይህች መኪና ቀና ብላ እየጸለየች ነው!"

"ዝም በሉ፣ አሜን እስክትል ጠብቋት!"

"የኔ እህት፣ ባልሽን ነው ከኋላ የጫንሽው? ምን ቢበላ ነው እንዲህ የከበደው?"

አንቺ ብትኖሪ መልስ አታጪም ነበር። እኔ ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ አንድም ኩንታል ሳልፈለፍል ተመለስኩ። ግን ልንገርሽ፣ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅ አፈነኝ። "ባልሽን ነው" ያለችዋን ለአንቺ እስክነግርሽ ቸኮልኩ።

አንጁሎ ከሩቅ ሲያየኝ፣ "አላልኩሽም?" አለ። ብረቶቹን መልሼ ልግጠማቸው ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት፣ ጋራዡ አጠገብ ያለው ወፍጮ ቤት በር ላይ አንድ የፈረስ ጋሪ እህል እየጫነ ነበር። ባለጋሪው ጆንያዎቹን ወደፊት ደራርቧቸው ፈረሱ አንገቱን ደፋ። ሰውየው ፈረሱን አልመታም፣ ጋሪውንም አልነካም። አንድ ጆንያ ጎትቶ ወደ ጎማው ወሰደው። ጋሪው ተስተካከለ፣ ፈረሱም ቀና አለ።

"አንጁሎ፣ እኛ እኮ ፈረሱን ነው ያደከምነው" አልኩት። "ጉልበቷን አውጥተን ነው ያሳጠርናት። ብረቶቹን በሙሉ መልስ፤ እንዲያውም አንድ ጨምር። ቁመቷን በሌላ መንገድ አውርድልኝ።"

ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ ሥራው ራሱ ያዘው፤ ሲይዘው ታውቂዋለሽ፣ ምሳም አይበላም። ከአክስሉ ሥር ባለው ባሌስትራና በአክስሉ መካከል ድፍን ብረት ከተተ፣ ማሰሪያ ብሎኖቹንም በረጃጅሞች ለወጣቸው። ባሌስትራው እንደ ጥንቱ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ ወረደች። መኪናዋ ስትወርድ ጋንቾውም አብሮ ስለወረደ፣ የጋራዡ በያጅ ጋንቾውን ገልብጦ ከፍ አድርጎ በየደው፤ ተሳቢው አግድም እንዲቆም። የቀረችውን ጣት የምታህል ከወንበርሽ ስፖንጅ ቀነስን። በመጨረሻ መፈልፈያውን ከተሳቢው ላይ ፈታንና ከፊት ወደ ጎማው አሸሸነው። መጀመሪያ አብዝተን ገፍተነው ተሳቢው አስፋልት ላይ ጅራቱን እንደሚቆላ ውሻ ግራና ቀኝ አለ፤ ትንሽ ወደፊት መለስነውና ዝም አለ። አሁን በመስታወት ሳየው ተከትሎኝ መምጣቱንም እረሳለሁ። ክሩ? ተሳቢው ታስሮም ቋጠሮው ላይ ነው።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንቺ የምትጠይቂውን አውቃለሁ። "እንዲህ ዝቅ ባለች መኪና ገበሬው ግቢ እንዴት ትገቢያለሽ?" ትያለሽ።

አልገባም። ቢጠና ደንበኛችን ጋሽ ባዳቾ ዘንድ ስወጣ፣ ያ ከእርሻው አፋፍ ያለው ድንጋይ መኪናዋን ሆዷን ያዛት። ወደፊትም ወደኋላም አልል አልኩ። ጋሽ ባዳቾ ዱላቸውን ተደግፈው መጡና ጎንበስ ብለው አዩዋት።

"ይቺ መኪና ምን ነካት? ተቀመጠች እንዴ?"

"ለይመኙሻል ብዬ ነው ጋሼ። ዳሌዋን ታማለች፣ ከፍ ያለ ላይ መውጣት አትችልም።"

"ይመኙሻል ልትመጣ ነው?"

"አላወቅኩም።"

"እንዴት አታውቂም? አልጠየቅሻትም?"

ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን አየሁ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንቺ ሴትዮ፣ መኪና ፈታቶ መግጠም ይቀልሻል፣ ነይ ከማለት።" ከዚያ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው በወላይትኛ ጮሁ። ወንዶቹ መኪናዋን ከድንጋዩ ላይ አነሷት፤ በቆሎውን ደግሞ ሴቶቹም ወንዶቹም ዳጉዋ በሚሉት ደቦ ወጥተው፣ እየዘፈኑ፣ ከአፋፉ እስከ መንገዱ ዳር ተሸክመው አወረዱት። እዚያው መንገድ ዳር ፈለፈልኩላቸው። ጋሽ ባዳቾ፣ "ከእንግዲህ እንዲህ ነው የምናደርገው። እሷ ከመጣች በቆሎዬን መንገድ ድረስ አይደለም፣ በዴሳ ድረስ አወርድላታለሁ። አንቺ ብቻሽን ከመጣሽ ግን እዚያው ድንጋዩ ላይ እተውሻለሁ" አሉኝ።

ሁሉም እንደ እሳቸው አልሆነም። መንገድ ርቋቸው ወደ ሌላ መፈልፈያ የሄዱ አሉ። አንጁሎ ይህን ሰምቶ፣ "ደንበኛ አጣሽ" አለኝ። እኔም፣ "ደንበኞቹን ያመጣቻቸው እኮ እሷ ናት" አልኩት።

ይመኙሻል፣ አንድ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ። ቦታሽን ለማንም አልሰጠሁም። ከቤተክርስቲያን ስወጣ የሰፈራችን ልጆች እነ ፀጋአብ ብቅ ብለው፣ "እቴ፣ ጋቢናው ባዶ ነው?" ይሉኛል። "ሰው አለው" እላቸዋለሁ። ወንበሩን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ከኋላ ይወጣሉ። በሩን ዘግቼ ስነዳ ጸጥታው ጆሮዬን ያመኛል። እኔ ዝምተኛ ነኝ ይሉኛል፤ ዝምታ የምወደው ግን አጠገቤ ሰው እያወራ ሲሆን ነው። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም መሰለኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ሃዋሳ እመጣለሁ። ተሳቢውን አስሬ፣ መፈልፈያውን ጭኜ ነው የምመጣው። አንጁሎ፣ "እቴ፣ ሃዋሳ ድረስ መፈልፈያ ምን ልትሠሪበት ትጎትቻለሽ? ሐይቁን ልትፈለፍዪ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። አንቺን ስለማውቅሽ ነው። ለእኔ ብላ ሥራዋን አበላሸች ብለሽ ከበር ወደ ቤት እንዳትመለሺ። በሶልያና በር ላይ ሁለቱንም ታያለሽ፤ ዝቅ ብላ ስትጎትት።

ባሌስትራው ስለጠነከረ ትንሽ ታንገጫግጫለች፤ ትራስ አዘጋጅቻለሁ። መጀመሪያ ጀርባሽን ስጪና ቁጭ በይ። ከዚያ ሁለቱን እግሮችሽን አንድ ላይ አዙሪ። እጄን እሰጥሻለሁ፣ ካልፈለግሽም አልሰጥሽም። ከተቀመጥሽ በኋላ "አሳየሽ፣ አልሄድም" ካልሽኝ፣ እሺ ብዬ በሩን እከፍትልሻለሁ፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ ተሳቢዬን አስሬ እመጣለሁ። በቆሎው ገና ብዙ ነው።

ነይ።

አሳየሽ
ከወላይታ ሶዶ