አፍና ጓሮ

ሐምሌ 14

ዘር ስናራግፍ ዋልን። የገበሬው በቆሎ ወገብ ደርሷል፤ የእኛ ምርጥ ዘር ዛሬ ከመኪና ወረደ! ምን ሊሆን? ለአይጥ ምሳ። የዘር ማከፋፈያ ፕሮግራማችን ታፔላ ግን አዲስ ነው፣ ቢሮው በር ላይ ያብረቀርቃል። ለፍየል ማከኪያ ይሆናል አልኩ፤ ማንም አልሳቀ። ፈሪ ሁላ።

ነገ ጥናት አለ ተባለ። እኛ የልማት ሠራተኞች ስለ ፕሮግራሙ ያለን አመለካከት ሊለካ ነው። በምን? በሜትር? በኪሎ? የምትለካውስ ማን ብትሆን ጥሩ ነው… የእህቴ ልጅ! አፍንጫዋን እየጠረግሁላት ያደገች።

ማታ ደወለች። "ጋሼ፣ አደራ እንዳትቀልድብኝ። ይሄ ጥናት ከተሳካ ነው በቋሚነት የሚቀጥሩኝ።"

እኔ? መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?

ሐምሌ 15

ጥናት አይደለም፣ ፈተና ነው። ኃላፊያችን "ያለችግር" (ምንም ቢጠየቅ መልሱ እሱ ስለሆነ ያወጣሁለት ስም ነው) ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጦ እያንዳንዳችንን ያያል። ልጅቷ ወጣ ይበሉልኝ ብትለው፣ "ግድ የለም፣ አልረብሽም" አለ።

"ዘሩ በወቅቱ ይደርሳል" ይላል የመጠይቁ የመጀመሪያ ሐሳብ። ትናንት አብሮኝ ጆንያ የተሸከመው ሰውዬ ምኑ ላይ ምልክት አደረገ? በጣም እስማማለሁ! ጎኑ ያለው ደግሞ ከእሱ ይገለብጣል። ሰው የገዛ ሐሳቡን ይኮርጃል?

እኔ ከላይ እስከ ታች "በጣም አልስማማም"። ወቅቱንም፣ ዘሩንም፣ ሁሉንም። ደስ አለኝ።

ሐምሌ 17

ልጅቷ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል።

"ሁሉም ደስተኛ ነው፣ ከአንድ ሰው በቀር።"

"ማን ይሆን ያ ባለጌ?"

"ጋሼ!"

አለቆቿ አፈጠጡባት አሉ። ሁሉም ከተስማማ ምን አጠናሽ? እውነቱን ካላገኘች ሥራው የለም፤ ዘሩም ዓመት ዓመት በሐምሌ ይመጣል። አሳዘነችኝ።

"የነዚህን አፍ ምን ታደርጊበታለሽ? ጓሯቸውን እዪ። ዘሩን የወደደ ሰው በጓሮው ይዘራዋል።"

ቀና ብላ አየችኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ሳቀች። ምን ያስቃታል?

ሐምሌ 21

ልጅቷ ጓሮ ለጓሮ ዞራ መጣች። "በጣም እስማማለሁ" ያሉት ሁሉ ጓሯቸው ጎመንና ሽንኩርት! ከዘሩ አንዲት ፍሬ የለም። አንዱማ የፕሮግራሙን ጆንያ የእግር መጥረጊያ አድርጎታል። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እፍረተ ቢሶች…

ሐምሌ 22

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ልጅቷ የኔንም ጓሮ ልታይ መጣች።

"የኔን ቤት ታውቂው የለ?" አልኳት፣ በር ላይ ቆሜ።

"ፊቱን ነው የማውቀው፣ ጋሼ። አንተው አይደለህ ጓሮ እዪ ያልከኝ?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ… ባለቤቴ በኋላ በር አስገባቻት።

በቆሎዬ ከጣሪያው ሊደርስ ምንም አልቀረው። የፕሮግራሙ ዘር ነው። አምና ዘግይቶ መጥቶ ሊጣል ከነበረው አንድ ጣሳ ደበቅሁ፤ ዘንድሮ ግንቦት ሲገባ ዘራሁት። ልጅቷ ቅጠሉን ዳበሰች።

"በጣም አልስማማም?"

ጎንበስ ብዬ አረም መንቀል ጀመርኩ። እኔ!

"ዘሩማ ምን አደረገ… ሲዘገይ ነው እንጂ።"

"እሱን ነው ስፈልግ የከረምኩት። ልጻፈው?"

ያለችግር ቢሰማ ሌባ ይለኛል። የኔ ቀልድ ደግሞ ልጅቷን እንጀራዋን ሊያሳጣት… "ጻፊው" አልኩ።

ሐምሌ 23

እነሱ ያልዘሩትን አወደሱ። እኔ ጓሮዬ ያሳደግሁትን ረገምኩ። ማን ይብሳል? ዛሬ ቢሮ ማንንም አልተረብኩም። "አሞሃል?" አሉኝ።

ሚያዝያ 24

ዘሩ መጣ። ሰማዩ ገና ደረቅ ነው! ልጅቷ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ አብራው መጣች፤ ቋሚ ሆናለች። ጆንያውን ተሸክሜ ስሄድ "ቀስ ጋሼ፣ ወገብህን" ትለኛለች ደግሞ።

ያለችግር ግን ቂሙን አልረሳም። ሌባ አላለኝም፤ የባሰ አደረገ። "ሞዴል ጓሮ" ብሎ ያንን ታፔላ አምጥቶ አጥሬ ላይ አስመታው። ኮራጆቹ ባለፉ ቁጥር "ጋሼ፣ እንስማማለን?" ይሉኛል። ይበሉ። ይገባኛል።

ወደ ማታ ሳየው ታፔላው በአንድ በኩል ዘሟል። የጎረቤት ፍየል ታክካበታለች። ግራ ቀኝ አየሁ… ማንም የለም። መዶሻ አመጣሁና አቃናሁት። ሁለት ሚስማርም ጨመርኩ።