በማን ክንድ ልክ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ መኳንንት፤

እንደምን ከርመህልኛል ጋሼ? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ እፀገነት ደህና ናት? ልጅህ ቃለአብ አደገልህ? ወይስ የሐዋሳ ወባ አሁንም አላስቀምጥ ብሏችኋል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከአባባ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ዘንድሮ ግን ውርጩ ገብሱን ለበለበው፤ በጎቹም ከስተዋል። ኔትወርክ ከጠፋ ስለሰነበተ ይህን ደብዳቤ በሾፌሩ በበኃይሉ እጅ ልኬልሃለሁ።

አባባ ከጓሳ ሲመለሱ ከበቅሎ መውደቃቸውን ሰምተሃል። ወጌሻው ደጋግሞ ቢያሸውም ዳሌያቸው አልገጥም ብሏል። ያን ዕለት ምንሽር ጠመንጃቸውም አብሯቸው ወድቆ ሰደፉ ከአንገቱ ተሰበረ። እሳቸው ከዳሌያቸው ይልቅ ያዘኑት ለሱ ነው። ሳልሞት አዲስ ሰደፍ ይሠራለት አሉ።

እንጨት ጠራቢው እኔ ነኝና ሥራው ለኔ መጣ። ከመርሐቤቴ ቆላ አምጥቼ ከምድጃው በላይ ሰቅዬ ያደረቅሁት ዋንዛ ነበረኝ። ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ነገር ግን ቤቱን አመሰው። እናታችን መስቀል ይቀረጽበት አለች። አባባ እንደ ድሮው ልሙጥ ይሁን አሉ። አንተ ደግሞ ኔትወርኩ ሳይጠፋ በጎረቤታችን በይታየው ስልክ ፎቶ ላክህ፤ ጎፈሩ የተንዠረገገ አንበሳ የተቀረጸበት ሰደፍ፣ ከሥሩ ያንተ ስም በጉልህ። አንበሳህ የተቀመጠው ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብትተኩስበት ጉንጭህን ይልጥልህ ነበር። ለግድግዳ ጌጥ እንደፈለግኸው ያኔ ገባኝ።

ይህስ ይሁን። የከፋኝ ሌላ ነው። መቼም ሐዋሳ አላስረሳችህም፣ እዚህ ሰደፍ የሚጠረበው መሣሪያውን በሚወርሰው ሰው ክንድ ልክ ነው፤ ጫፉ ክርን መታጠፊያ ላይ ሲያርፍ ጣት ቃታው ላይ መድረስ አለበት። በማን ልክ እንደተቆረጠ ያየ ሁሉ ወራሹን ያውቃል። አባባ ጠርተው በወንድምህ ልክ ቁረጠው አሉኝ። ክንድህ እዚህ የለም፤ እናታችን የተማሪነት ኮትህን ከሳጥን አውጥታ በእጅጌው ለካ አለችኝ። ለካሁት። ከኔ ክንድ ይረዝማል።

ጋሼ፣ አንተው ፍረድ። የማርሰው እኔ፣ ከአልጋ የማወርዳቸው እኔ፣ ገላቸውን የማጥበው እኔ፣ ሲያቃስቱ የማገላብጣቸው እኔ! ኮትህን አጥፌ ወደ ሳጥኑ መለስኩና በራሴ ክንድ ልክ ቆረጥኩት። ልሙጥ አድርጌ፣ በሰም አሽቼ ወስጄ ሰጠኋቸው። የእጅ ሥራዬን አላዩትም። ሰደፉን ክንዴ ላይ አጋድመው ለኩና «ልክህ ነው» አሉኝ። ለአንድ አፍታ እንዴት ያለ ደስታ እንደተሰማኝ ልነግርህ አልችልም። ቀጥለው «በል አሁን የሱን ሥራ» አሉ። በዕድሜዬ አድርጌው እንደማላውቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። አንተማ የትም አትሄድም፣ እሱን ግን ምን ያመጣዋል ነው መልሳቸው።

በቀረው ዋንዛ ሠራሁልህ። በኮትህ ልክ ነው፤ አንበሳም ስምም የለበትም። ብረቱ ተገጥሞበት ከአባባ ራስጌ ተሰቅሏል። የኔን ሰደፍ ልማግደው ስል ባለቤቴ መስታወት ቀምታኝ ደበቀችው፤ የት እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም።

መንገዱ ሰላም አይደለም ትላለህ። እውነትህን ነው። በኃይሉም ሚስትና ልጆች አሉት፣ ግን ይመላለስበታል። አባባ ክረምቱን የሚያልፉ አይመስለኝም። ከመጣህ አልጣላህም፤ በክብር አውርጄ እሰጥሃለሁ። ካልመጣህ ግን ሰዉ ሁሉ ቢለምነኝ በኔ ክንድ ልክ አላሳጥረውም። ማንም ሳይነካው እዚያው አቧራ ይልበስ።

እናታችን ቃለአብን እያገላበጠች ትስመዋለች፤ ስታየው ማንን እንደሚመስል ለማወቅ ጓጉታለች። መስታወት ለእፀገነት ናፍቆቷን ልካለች፤ ልጆቼም አጎታችን እንዴት ነህ ይሉሃል፣ መልክህን ባያውቁትም። አባባን ለጋሼ ምን ልበልልዎ ብዬ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ወደ ራስጌ ዘርግተው ሰደፉን ዳበሱና «በልኩ መሆኑን ንገረው» ብቻ አሉኝ።

ታናሽ ወንድምህ
ደመላሽ ወልደ ሥላሴ
ዘመሮ፣ መንዝ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.