ዘፋኝ የሌለበት አልበምህ

ወንድምዓለም አምሐ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? የበርሊን ብርድ ደረትህን ለቀቅ አደረገልህ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ የጎደልነው ባንተ ብቻ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ እንባዬ እየቀደመኝ ጻፍኩልህ።

የጎረቤታችንን የእትዬ ስንዱን ነገር ሳትጠይቅ አትውልምና እሳቸውን ላስቀድም። ጉልበታቸው ከጸበሉ ወዲህ ተሽሏቸዋል፤ አጥር አጥሩን ይዘው እኛ ቤት ይደርሳሉ። ምላሳቸውማ መቼ ታሞ ያውቃል! ልጃቸው ሰሎሜ ሴት ልጅ ወልዳ ክርስትና አስነሣች። የላክኸውን አልበም በስልኳ አውጥታ በስፒከር የከፈተችልን እሷ ናት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰብን። ጊታሩ ገባ፣ ፒያኖው ገባ፣ ባሱና ድራሙ ተከተሉ። እኛ እንጠብቃለን። ሦስተኛው ሙዚቃ ሲጀምር እትዬ ስንዱ፣ «ምነው፣ ዘፋኙ ማኪና አመለጠው እንዴ?» አይሉም! አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ቃል የለውም ብዬ ባስረዳቸው፣ «ታዲያ እኔ ልግባበታ!» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። ፒያኖ የምትጫወተው ሳሪት እናቷ የወለቃ ልጅ ናት ያልከኝንም ነገርኳቸው። እማማ ነፍሷን ይማርና ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የገዛችው ጋን፣ አንተ ከንፈሩን የሸረፍከው፣ ዛሬም ጓዳ አለ። ማን ያውቃል፣ የሳሪት አያት የእጅ ሥራ ይሆናል።

የምጽፍልህ ግን ስለ አባባ ነው። መቋሚያህን ከበሩ ኋላ አቁመህ ጊታር አንግተህ ከወጣህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ስምህን ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም። ያን ዕለትም ዳዊታቸውን ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተውን ነበር። አምስተኛው ላይ ጊታሩ ብቻውን ቀረና ቀስ እያለ ያ ዜማ መጣ። እኔ ምስር እየለቀምኩ ከጓዳ ሰምቼ የያዝኩት፣ አባባ አንተን ደጁ ላይ ያስጠኑህ የነበረው። ትዝ ይልሃል? እሳቸው ሲሉ አንተ ትከተላለህ፤ ስትስት በመቋሚያቸው መሬቱን ጠቅ ያደርጋሉ፤ ያንተ ዓይን ወደ እኔ ይሸሻል። አባባ ዳዊታቸውን አጠፉ። ጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ ያደርግ ጀመር። አንድ ቦታ ሲደርስ ግን እጃቸው ቆመ፣ ቅንድባቸው ተነሣ፤ ዳዊታቸውን ይዘው ወጡ። ምን ነካኝ፣ አበላሸሁት ብዬ ሳለቅስ ዋልኩ።

በማግስቱ መቋሚያህን ከቦታው አጣሁት። ብወጣ አባባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በጨርቅ ይወለውሉታል።

እትዬ ስንዱና ሰሎሜ ናፍቀንሃል ይላሉ፤ ሕፃኗን ሳሙልኝ በለን። ሁለቱን ጓደኞችህን ሰላም በልልኝ። ለሳሪት ጋኑ እንዳለ ንገራት።

ልዘጋው ስል የአባባ የማኅሌት ጓደኛ አያ አለበል መጡ። ሰሎሜ አልበምህን ከፍታልን ነበርና፣ «መሪጌታ፣ ይህ ቃል የሌለው ነገር የማን ነው?» አሉ። አባባም፣ «የልጄ ነው። አንድ ቦታ ስቷል። ዜማ በደብዳቤ አይታረምም፤ መጥቶ ይታረም» አሏቸው።

እኅትህ ምሥራቅ
ጎንደር፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.