ለአንድ ቤት ሁለት ኪራይ

ለከተማችን የኪራይ ድጎማ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከነመላው ሠራተኞችዎና ቀን ከሌት «ይጠብቁ» ከሚለው ስልክዎ ጋር ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ኦቲስ ፔቲግሩ እባላለሁ። በዚህች የኦሃዮ ከተማ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ በቻልመርስ ጎዳና ባለ አንድ ፎቅ ቤት ገዝቻለሁ። እኔ ላይ፣ የሰባ አንድ ዓመቷ ተከራይ ወይዘሮ ቨርኔል ስታብስ ታች እንኖራለን። አብዛኛውን ኪራያቸውን የሚከፍለው መሥሪያ ቤትዎ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሻጩ አቶ ዌንደል ክራፍት ኪራዩ በወር 1,150 ዶላር ነው አለኝ፤ ያሳየኝ ውል ግን 980 ይላል። ልዩነቱን ብጠይቀው «እሱ በእጅ ይመጣል፣ አታስብ» አለኝ። ትክክለኛውን እንድታሳውቁኝ ስለምናችሁ «ለባለቤቱ ብቻ ነው የምንናገረው፤ ከገዙ በኋላ ይጠይቁን» ብላችሁ መለሳችሁልኝ። የገደሉን ጥልቀት ከዘለልኩ በኋላ ልትነግሩኝ ቃል ስለገባችሁልኝ አመሰግናለሁ። እኔም በ980 አስልቼ፣ ዋጋውን አስቀንሼ ገዛሁ።

፪. ወሩ እንደጠባ ወይዘሮ ቨርኔል አንኳኩተው 170 ዶላር ያለበት ፖስታ ሰጡኝ። የምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ክራፍት ይሄን ካልሰጠሁት ልቀቂ ይለኝ ነበር» አሉኝ። ፖስታውን ስመልስላቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ካልወሰድክማ ልታስወጣኝ ነው» አሉኝ።

እንደማላስወጣቸው ለማሳመን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ግማሽ ቀን ፈጀብን።

፫. ክራፍት አራት ዓመት ሙሉ ከውል ውጪ ገንዘብ ሲቀበላቸው እንደኖረ ጻፍኩላችሁ። ቅልጥፍናችሁ ያስደንቃል፤ በዘጠኝ ቀን ደብዳቤ መጣ። የመጣው ግን ለክራፍት ሳይሆን ለወይዘሮ ቨርኔል ነው፦ በየወሩ 170 ዶላር መጨመር ከቻሉ ያላስመዘገቡት ገቢ ስላለዎት፣ ቀርበው እንዲያስረዱ፤ ካላስረዱ ድጎማዎ ይቋረጣል። የተዘረፈን ሰው «የሚዘረፍ ገንዘብ ከየት አመጣህ» ብሎ መክሰስ ከእናንተ በቀር ማን ያስበዋል?

በቀጠሮው ቀን ወይዘሮ ቨርኔል ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያደርጉትን ባርኔጣ ደፍተው አብረን ወደ እናንተ መጣን። ወጣቷ መርማሪ ገንዘቡን ከየት ያገኙ እንደነበር ጠየቀቻቸው።

«ምሳ እየተውኩ» አሉ።

«አራት ዓመት ሙሉ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እበላ ነበር።»

ልጅቷ መዝገቡን ወደ ራሷ ስባ ድጎማው እንዲቀጥል ፈረመች። ስሟን አልጠቅስም፤ ትቀጧታላችሁ ብዬ እፈራለሁ።

አሁን ኪራዩ አንድ ነው፣ 980። ወይዘሮ ቨርኔልም በየቀኑ ምሳቸውን ይሠራሉ፤ ሽታው እኔ ዘንድ ድረስ ይወጣል። አቶ ክራፍትን ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም።

ቁጥሬ እስኪጠራ ድረስ በታላቅ ትሕትና ተሰልፌ የምጠብቅ፣

ኦቲስ ፔቲግሩ
ባለቤት (አሁን ልታናግሩኝ ትችላላችሁ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ለዓመቱ ምስጉን አከራይ፣ ለአቶ ዌንደል ክራፍት» የሚል የእንጨት ሰሌዳ ባለፈው ሳምንት ከእናንተ በዚሁ ቤት አድራሻ በፖስታ ደርሶናል። ወይዘሮ ቨርኔል ተረክበውታል። ትኩስ ድስት ያሳርፉበታል፤ እስካሁን አላሳፈራቸውም።