ሞተሩን ያዳምጡልኝ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? ዓይንዎስ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ጋዜጣ ማንበብ ጀመረ ወይስ አሁንም የምታነብልዎ እህቴ ናት? እኔ ጥፍሬ ሥር ከገባው የሞተር ዘይትና ከናፍቆትዎ በቀር ምንም አልሆንኩም።

አባባ፣ ስለዚያች አሮጌ አውሮፕላን ጽፌልዎ ነበር፤ እርስዎ ሃያ ዓመት ሲጠግኑት የኖሩት ዓይነት፣ ዘጠኙ ሲሊንደሮች ዙሪያውን የተደረደሩባት። መዝገቧን አገላብጬ ጨረስኩት። ሰባ ዓመቷ ነው። ፖስታ አመላልሳለች፣ ሕመምተኛ ጭናለች፣ አንዴም ጎርፍ ለከበበው መንደር ዱቄት ጥላለች። የአውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር ሰዎች «አውሮፕላን አገባች» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ።

ግን ጉድ ሠራሁ። ባለፈው ወር የአውሮፕላኗ ባለቤት ሊያያት መጣ። ቆሞ የከረመ ሞተር ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ስለሚወርድ፣ ከማስነሳት በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ግድ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምረው ነግረውኛል። ረሳሁት ብዬ አልዋሽዎትም። በሰው ፊት ስገፋና ሲያልበኝ መታየት አፍሬ ማስነሻውን ሞተሪኖ ተጫንኩት። ጓ ብሎ ቆመ፤ ፒስተኑን የሚገፋው ቢየላ ተጣመመ። ባለቤቱም «በቃ፣ ክንፏ ተቆርጦ ሆቴሌ በር ላይ ጌጥ ሆና ትቁም» አለ።

እኔ እያለሁ አይሆንም አልኩት። እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልተነሳች የፈለግከውን አድርግ ብዬ ተከራከርኩትና ፊቱን አጨፍግጎ ተስማማ። ይኸው ሞተሩን አውርጄ፣ ፈትቼ፣ ቢየላውን ለውጬ፣ መልሼ ገጥሜዋለሁ። ክንዴ ዝሏል፤ ልቤ ግን አልዛለም። አለቃዬ ጥሩ ነው ይላል፤ እኔ ከእርስዎ ጆሮ በቀር የማምነው የለም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ፕሮፔለሩን ሰው ሁሉ እያየኝ በእጄ አዞራለሁ፤ ከዚያ አስነሳዋለሁ፣ አለቃዬም ስልኩን ወደ ሞተሩ ይይዝልኛል። አምስት ደቂቃ ካዳመጡ በኋላ አጠፋውና የሰሙትን ይነግሩኛል። እንዳያዝኑልኝ። ከጎደለ ጎደለ ይበሉኝ፤ እንደገና እፈታዋለሁ።

የእማዬን ጉልበት ስሜያለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮኗን ትዝጋልኝ። እህቴ የስልክዎን ባትሪ አደራ፤ ልጆቿንም ይሳሙልኝ፤ ለዚያች ሰዓት ብቻ ልጆቹ ውጭ ይጫወቱ። ወንድሜ ጤና ይስጥልኝ፤ የብረት በሩን እንዳያንጓጓው።

እርስዎ ሞተር ሲበላሽ ይቆጣሉ፤ ሲያምርልዎ ግን አንድ ቃል አይተነፍሱም። ቅዳሜ ያንን ዝምታዎን መስማት እፈልጋለሁ።

ልጅዎ
ከሃንጋሩ፣ ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን