ለካርቶን ቤት የተሠራ አልጋ

ጎንደር
መስከረም 26 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለወይንሸት፣

ትናንት ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሰዎች በታችኛው ቤት በር ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉበት። በላይኛው ቤት በር ላይም ጻፉበት።

እኔ ደኅና ነኝ። ክረምቱ ዘንድሮ አልወጣ ብሎ ቆየ፤ የመስቀል ዋዜማ ዘንቦ ደመራው እያጨሰ ነው የነደደው። ሥራ ቀዝቅዟል። ሰው ቤቱ ይቅርለት አይቅርለት ሳያውቅ ቁምሳጥን አያሠራም። ስለዚህ ጊዜ ተርፎኛል፤ የተረፈኝን ጊዜ ለልጃችን ለወለላ የአሻንጉሊት ዕቃ እሠራበታለሁ።

ደብዳቤዋ በነሐሴ ደርሶኛል። ከደሴ ሐኪም ቤት ባመጣሽላት የመድኃኒት ካርቶን ለአሻንጉሊቶቿ ቤት እንደ ሠራች፣ ውስጡ ግን ባዶ እንደ ሆነ ጽፋልኛለች። ሜትር ስላልነበራት ክር ልካለች፤ የመጀመሪያው ቋጠሮ የበሩ ቁመት ነው፣ ሁለተኛው የጣሪያው፣ ጫፉ ደግሞ የክፍሉ ርዝመት። ዐሥር ዓመት ላልሞላት ልጅ ሸጋ ዘዴ ነው። በዚያው ክር እየለካሁ ነው የምቆርጠው።

ይህ የአሻንጉሊት ቤት ነገር ከየት እንደ ጀመራት ታስታውሺ እንደሆን አላውቅም። አንድ ቀን የጤና ኮሌጁ ግቢ የፈረንጅ አስተማሪ ቤት በር ልጠግን ስሄድ ይዣት ሄጄ ነበር። ልጆቹ በፊት ለፊቱ ግድግዳ የሌለው ትንሽ ቤት ነበራቸው፤ አልጋው፣ ወንበሩ፣ የልብስ ሳጥኑ በየክፍሉ ተደርድሯል። ወለላ በደረቷ ተኝታ ስታይ ቆየችና «አባዬ፣ ግድግዳቸውን ማን ወሰደባቸው? አይበርዳቸውም?» አለችኝ። ሥራዬን ስጨርስ አልነሣም ብላ አዝዬ ነው ያመጣኋት። አንቺ በር ላይ ቆመሽ «የፈረንጅ ቤት ገብታ እግሯን ረስታው መጣች እንዴ?» ብለሽ ሳቅሽ። ያን ጊዜ የምንኖረው በታችኛው ቤት፣ በአባትሽ ቤት ነበር።

እስካሁን በርጩማዎቹን፣ ጠረጴዛውን፣ አንድ አግዳሚና ባለ ሁለት በር ቁምሳጥን ጨርሻለሁ። የቁምሳጥኑ ማጠፊያ ከሳርዲን ቆርቆሮ የተቆረጠ ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ ከትልቁ አልጋችን የተረፈው ቁራጭ በመላጊያው ጠረጴዛ ሥር ይኖር ነበር። ያንን ዋንዛ ከትክል ድንጋይ ገበያ ገዝተን በበቅሎ ስናመጣ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። ነጠላሽን አውልቀሽ እንጨቱን ሸፈንሽው። «ምነው፣ እኔስ?» ብልሽ፣ «አንተ አትጣመምም» አልሽኝ። ከተጋባን ገና ወር አልሞላንም ነበር። እስከ ከተማ ድረስ ሦስታችንም፣ በቅሎዋ ጭምር፣ ውኃ እያንጠፈጠፍን ገባን፤ ደረቅ የነበረው እንጨቱ ብቻ ነው።

ያስቸገረኝ አልጋው ነው። ወለላ የጻፈችው «ለእማዬ አንድ አልጋ፣ ለአባዬ አንድ አልጋ፣ ለእኔ አንድ ትንሽ» ብላ ነው። የጠፍር አልጋ እንዲሆን ፈልጌ ኮርቻ ሰፊው አያ ዋኘው ዘንድ ሄድሁና ቆዳውን ቀጭን አድርጎ እንዲሠነጥቅልኝ ለመንሁት። ዐይኑ ደክሟል፤ አፉ ግን እንዳለ ነው።

«ስንት ሰው ነው የሚተኛበት?» አለኝ።

«ለአሻንጉሊት ነው፣ አያ።»

«በል እንግዲህ! ነገ ደግሞ ለዝንብ ኮርቻ ስፋልኝ ልትለኝ ነው።»

እየሳቀ ሠነጠቀልኝ። እኔም እንደ ለመድሁት ጠፍሩን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በእርጥቡ ወጥሬ፣ ሦስቱን አልጋዎች ፀሐይ ላይ አወጣኋቸው። ትልቅ አልጋ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ይኮማተርና ይጠብቃል፣ ጎኑና እግሩ ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል። ከምሳ ስመለስ የወለላ አልጋ አጭር ስለሆነች ቆማለች፤ ሁለቱ ተሰብረዋል። ጠፍሩ እንደ እርሳስ የቀጠኑትን እግሮች ወደ ውስጥ ስቦ አጥፏቸዋል። ዕድሜውን ሙሉ አልጋ የሠራ ሰው እንዲህ ሆነ! አያ ዋኘው ይህን ከሰማ ወዲህ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያወራዋል።

እንደገና ስጀምር ጎኑን አወፈርሁት፤ ጠፍሩንም በዘይት አለስልሼ በደረቁ ወጠርሁት። ሸጋ ሆኖ ወጣ። ግን የሠራሁት አንድ ሰፊ አልጋ ነው። ሁለት ለማድረግ ጠፍር አልበቃኝም። አያ ዋኘው «ልጨምርልህ?» ብሎኝ ነበር፤ ይቅር አልሁት። ወለላ ከጠየቀችሽ ጠፍር አለቀበት በያት።

ወደ ቤቶቹ ልመለስ። ዐዋጁን እዚያም ሰምታችሁታል፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ትርፉ የመንግሥት። እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ስሜ ተጠራ። ሊቀ መንበር ሆኖ የተመረጠው ፋንታሁን ነው፣ የሠርጋችን ሚዜ።

«አዳሙ፣ ሁለት ቤት አለህ» አለ።

«አንዱ የባለቤቴ ነው፤ ከአባቷ የወረሰችው።»

«ባለቤትህ የት ናት?»

«ደሴ፣ ለሥራ ሄዳ።»

«ከሄደች ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ሁለት ዓመት።»

ጎረቤታችን ሽታዬ ከኋላ ሆና «ምነው፣ ደሴ ሁለት ዓመት ያስኬዳል እንዴ? በእግሯ ነው የሄደችው?» ብላ አዳራሹን አሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ስብሰባው ሲበተን ፋንታሁን ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ሞኝ አትሁን» አለኝ። «ተፋተናል በሉና ሁለት ቤተሰብ ሁኑ። ላይኛው ላንተ፣ ታችኛው ለሷ ይቀራል። አንድ ነን ካላችሁ ግን አንዱ ይሄዳል፤ ላድንላችሁ አልችልም።»

«እሷን ሳልጠይቅ አልናገርም» አልሁት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሃትን?» አለኝ።

 የደሴ ዝውውርሽ ሲመጣ አንቺ ሄድሽ፤ እኔ ወርክሾፔን ትቼ አልሄድም አልሁ። ከዚያ ወዲህ የተጻጻፍነው ስለ ወለላ ብቻ ነው። ተፋተናል ብንል ውሸት ነው የሚለን የለም። የአባትሽ ቤት በስምሽ ይቆያል፤ የኔም ለኔ። ፋንታሁን ያለው ለሁለታችንም የሚጠቅም ነገር ነው፤ በደንብ አስቢበት።

አንድ ነን የምትዪ ከሆነ ግን እንዲቀር የማስመዘግበው የአባትሽን ቤት ነው። ላይኛውን እለቃለሁ። ወርክሾፔ ያለበት፣ በእጄ የሠራሁት ቤት ነው፤ ቢሆንም እለቃለሁ። ለወርክሾፕ ከፒያሳ ጀርባ አንድ ክፍል አይቻለሁ፤ ጠባብ ነው፣ ግን ብርሃን አለው። ታችኛው ቤት ለሦስት ሰው ይበቃል። ተከራዩ በሰኔ ሲወጣ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ለውጬ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ወለል እንደገና አንጥፌዋለሁ። እዚህ ሐኪም ቤት የጤና ረዳት ይፈለጋል ሲሉም ሰምቻለሁ። ስላነሡት ነው የጻፍሁልሽ።

ይህን ደብዳቤና ዕቃዎቹን ነገ ወደ ደሴ በሚሄደው በሹፌሩ በየሻው ማኪና እልካለሁ። ዕቃው በጥጥ ተጠቅልሏል፤ ወለላ ቀስ ብላ ትፍታው። ሁለታችሁንም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከክፉ ይጋርዳችሁ፤ ሌሊት ተረኛ ስትሆኚ ብርድ አይምታሽ፣ የልጄ ጥርስ ሕመምም ይሻላት።

ኮሚቴው የሚወስነው ጥቅምት 9 ቀን ነው። በፖስታ አይደርስምና ቴሌግራም አድርጊ፤ አንድ ወይም ሁለት ብትዪ ፋንታሁን ይገባዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ በስማችን ምንም እንደማይጽፍ ቃል ገብቶልኛል።

አዳሙ