ታሞ የቀረው ጥሮፊሞስ

ኅዳር 3
ፖስታ ቤት ዋልኩ። እሽግ መመዘን፣ ቴምብር መለጠፍ፣ «አድራሻው አይነበብም» እያሉ መጨቃጨቅ... ማታ መርፌዬን ተወግቼ ራት ልበላ ስል ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ አጠገቤ ቆማ፣ «እስከ መቼ?» አለችኝ። የስኳር በሽታ ጉንፋን መሰላት?

ኅዳር 5
ለካ ከጀርባዋ ሰው አለ። የጸሎት ቡድናችን መሪ... ማይክ ከእጁ ስለማይወጣ በልቤ «ማይኩ» የምለው። ዛሬ በሰው ፊት፣ «መርፌውን ጣይው፣ እሑድ መዳንሽን ትመሰክሪያለሽ» አለኝ።
«የት ተጽፏል?»
«መጽሐፍ ሁሉ የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት ነው! ከቃሉ ጋር ክርክር የለም!»
ከቃሉ ጋር ማን ተከራከረ? እኔ የተከራከርኩት ከእሱ ጋር! ሁሉም አሜን አሉ። እትዬም። ያናደደችኝ እሷ ናት።

ኅዳር 6
ጉድ ፈላ። ፍሪጁን ብከፍት መድኃኒቴ የለም።
«ስለምወድሽ ነው የደበቅኩት» ብላ አለቀሰች።
«ከወደድሽኝ አምጪው!»
እምቢ አለች። ፋርማሲ ሮጬ ሌላ ገዛሁ። በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ቦርሳዬን አቅፌ ልተኛ?

ኅዳር 7
ማይኩ የጮኸባትን ጥቅስ አወጣኋት። ደብዳቤ ውስጥ ናት! ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው። ዕድሜዬን ከደብዳቤ ጋር ኖሬ፣ ከመሀል አንድ መስመር መዞ «አነበብኩት» የሚል ሰው አላየሁም። እስከ ታች ወረድኩ። መጨረሻው ላይ ሳቄ መጣ... በርኖሴን ትቼ መጥቻለሁ፣ ስትመጣ ያዝልኝ ይላል። ይኼም መንፈስ አለበት? «ሁሉ» ካለ፣ አዎ! እግዚአብሔር በሰው እጅ ሲያጽፍ የሰውየውን ብርድ አልሰረዘበትም።
ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጥሮፊሞስን ታሞ ተውኩት ይላል። ስንቱን የፈወሰ ጳውሎስ! ጓደኛውን እምነት የለህም አለው? አንዲት ቃል የለም።
ቆይ... እኔም እንደ ማይኩ አንድ መስመር መዝዤ እንዳልሆን። ጥሮፊሞስ መድኃኒት ይውሰድ አይውሰድ አልተጻፈም። የተጻፈው፣ መታመሙና አለመወቀሱ ነው። ይበቃኛል።

ኅዳር 9፣ እሑድ
ማይኩ ማይኩን ሰጠኝ። ተአምር ማለት ይኼ ነው! «ዳንኩ» እንድል ሲጠብቁ ደብዳቤውን ከዚያች ጥቅስ ጀምሬ እስከ ሰላምታው አነበብኩላቸው። ጥሮፊሞስ ጋ ስደርስ ደገምኩት።
«ቁጭ በይ!»
«ወንድሜ፣ ይቺስ መንፈስ የለባትም?»
ከዛሬ ጀምሮ ከቡድኑ ውጪ ነሽ አለኝ። እሺ። መጽሐፌን ይዤ ወጣሁ። እሱን ማንም አይቀማኝም! እትዬ አልተከተለችኝም። ይኼ አመመኝ።

ኅዳር 12
እትዬ እስከ ዛሬ ዘግታኝ ነበር። ከሥራ ስገባ መድኃኒቴ ፍሪጁ ውስጥ፣ የድሮ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። ቀዝቃዛ ነው። ጎረቤታችን ነገረችኝ፣ ለካ የደበቀችው እነሱ ፍሪጅ ውስጥ ኖሯል... እንዳይበላሽብኝ! ራት ስታቀርብ ጀርባዋን ሰጥታኝ፦
«አንቺ ጥሮፊሞስ፣ ተወጋሽ ወይስ ምግቡን ላቆየው?»